ከጉርሙ ያልተጫነ

ከጊንጪ እስከ ባኮ የጉርሙን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም የሚል ሰው ካለ ወይ ስልክ የለውም ወይ ይዋሻል። መልኩን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ ድምፁ ግን በየዘፈኑ መሐል ተሸጉጦ ይዞራል። ዘፋኙ ልቡ ተነክቶ ድምፁን ከፍ ሊያደርግ ሲል ድንገት ዱብ ይላል፦ «ጉርሙ ሙዚቃ ቤት! አምቦ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት! ከጉርሙ ያልተጫነ፣ እንዳልተጫነ ይቆጠር!» ከዚያ ዘፋኙ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ፍቅረኛውን እያስታወሰ የሚያዳምጠው ጎረምሳ ግን እንባው ካቆመበት አይቀጥልለትም።

የጉርሙ ሥራ መጫን ነው። ሰው ሜሞሪውን ወይም ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ ጉርሙ ዘፈኑን፣ ፊልሙን፣ መዝሙሩን ይጭንለታል። በገበያ ቀን አህያ ከሚጭነው እህል ነጋዴ የሚለየው ጭነቱ ሚዛን ላይ አለመውጣቱ ብቻ ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ክፉ አይደለም፣ ንፉግ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ሰው አለ። ከጎኑ ሱቅ ቀፎና ቻርጀር የሚሸጠው ደሊል የሚባል የስልጤ ልጅ፣ «ጉርሙ እግዜር ይስጥልኝ ብሎህ ዞር ስትል መልሶ ይወስደዋል» እያለ ያማዋል።

ጉርሙን እንቅልፍ የሚነሳው ነገር አንድ ነው። አንዱ ደንበኛ ዘፈን ጭኖ ይወጣና መንገዱን ሳይሻገር፣ ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ ለጓደኞቹ ሁሉ በብሉቱዝ ይበትነዋል። «ሌቦች!» ይላል ጉርሙ፣ በሱቁ በር ቆሞ። ዘፈኑን የዘፈነው እሱ እንዳልሆነ ያስታወሰው ሰው የለም፤ እሱም ራሱን አላስታወሰም። መድኃኒት አድርጎ ያመጣው ያንን ማስታወቂያ ነው። ከንግዲህ ዘፈኑ የትም ይሂድ፣ የጉርሙ ስም አብሮት ይሄዳል።

ቶሬንት የሚባለውን ነገር ያስተማረው ኤቢሳ ነው። ኤቢሳ ከሱቁ ጀርባ ባለ፣ ስሙ ባይጠራ ምንም በማይቀርበት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ዋይፋይ ግድግዳ አያከብርም ነበርና ጉርሙ ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ የመንግሥትን ኢንተርኔት እየጠጣ ይውላል።

«ፊልሙ አንድ ቦታ ተቀምጦ አይጠብቅህም» አለው ኤቢሳ፣ መጀመሪያ ያሳየው ቀን። «ተቆራርሶ በየሰው ኮምፒውተር ውስጥ ነው ያለው። ይቺን ቁራሽ ብራዚል ካለ ሰው ትወስዳለህ፣ ያቺን ህንድ ካለ ሰው። ማሽኑ ራሱ ይገጣጥምልሃል።»

«የማላውቀው ሰው? ለምን ብሎ ይሰጠኛል?»

«አንተም ስለምትሰጠው ነዋ። እየወሰድክ የያዝከውን ቁራሽ ለሌላው ታቀብላለህ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ» አለ ጉርሙ። «አንተ ብቻ ሃምሳውንም አምጣልኝ፤ ሸክሙን እችለዋለሁ።»

እንዳለውም አደረገ። ፋይሉ ሲወርድ ዓይኑን ከመቶኛው ላይ አይነቅልም፤ ልክ መቶ ሲሞላ፣ ሌላው ሰው ከሱ አንዲት ቁራሽ እንኳ ሳይወስድ፣ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ኤቢሳ ይህን ባየ ቁጥር «የበላበትን ወጪት ሰባሪ!» ይለዋል። ጉርሙም ይስቃል። ስድብ ከኪሱ ምንም አይወስድበትም።

አንድ ትምህርት ግን በደንብ ይዟል። ኤቢሳ ነገሩን በአማርኛ ላስረዳ ብሎ፣ «ሙሉውን ይዞ ቁጭ ብሎ ለሌላው የሚሰጠውን ፈረንጆቹ ሲድ ይሉታል፤ እኛ ዘር እንበለው» አለው። «ዘሩ የበዛ ፋይል ቶሎ ይወርዳል። ዘር የሌለው ዘጠና ዘጠኝ ላይ ደርሶ ይሞትብሃል። ስለዚህ መጀመሪያ ዘሩን ቁጠር።» ጉርሙም ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘር ሳይቆጥር ፊልም አውርዶ አያውቅም። ለዚህች ቃል የከፈለውን ኋላ እናያለን።

እናቱ አዴ ሸዋነሽ በሁሉ ነገር የሱ ተቃራኒ ነበሩ። እሳቸው ያላቸው ሀብት ምርቃት ነበር፤ እሱንም ለማንም አይነፍጉም። ሠርግ ቢሆን፣ ክርስትና ቢሆን፣ ባጃጅ የገዛ ልጅም ቢሆን እሳቸው ዘንድ ሳይደርስ አያልፍም። ኦሮምኛውን ከአማርኛው፣ ቀልዱን ከጸሎቱ እያፈራረቁ ሲመርቁ፣ ሰው አሜን ይበል ይሳቅ ይቸግረዋል። እሳቸውን ይመርቁኝ ብሎ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አልነበረም።

አንድ የእንቁጣጣሽ ዕለት ቤተሰቡና ጎረቤቱ ተሰብስቦ አዴ ሸዋነሽ ለምርቃት ሲነሱ፣ ጉርሙ ስልኩን አውጥቶ ደቀነ። እናቱ ከመንገደኛው ጀመሩ። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ። ሾፌሩን እንቅልፍ አይጣለው፤ ረዳቱን ትዕቢት አይያዘው!» አሜን አለ ሰዉ። «ያላችሁን ከቀማኛ፣ የሌላችሁን ከምቀኛ ይጠብቅላችሁ!» አሜን። ከባኮ የመጣችውን ልጃቸውን ሃዊን አዩና፣ «አንቺ ባልሽ ከመጠጥ ይመለስልሽ፤ እምቢ ካለም መጠጡ እሱን እምቢ ይበለው!» አሉ። ሰዉ እየሳቀ አሜን አለ። በመጨረሻ ወደ ታናሹ ልጃቸው ዞሩ። «ያ ጉርሙ ኪያ…» አሉ። ጉርሙዬ ማለታቸው ነው፤ ልጃቸውን ሲያቆላምጡ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል።

ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን ጉርሙ አልሰማም። የስልኩ ባትሪ ቀይ ማብራት ጀምሮ ስለነበር ሐሳቡ ሁሉ እዚያው ላይ ነበር። ሰዉ አሜን ሲል እሱም ከንፈሩን አነቃነቀ።

በማግሥቱ የቅጂውን መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ ሲያጫውት፣ ገና የመንገደኛው ምርቃት ላይ ሳለ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ሰማ። አንድ የጊንጪ ቅጥቅጥ ሾፌር ወርዶ፣ «ማሎ፣ እባክህ፣ ይቺን ጫንልኝ፤ ጠዋት ጠዋት ከመናኸሪያ ስወጣ ላሰማት» አለው። ገበያ ማለት ይህ ነው። ጉርሙ ማስታወቂያውን የት እንደሚያስገባ ሲያስብ አንድ ብልሃት ብልጭ አለለት። እናቱ ራሳቸው ስሙን ይጠሩ የለም? ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ድምፃቸውን ቆርጦ አወጣና የራሱን ገጠመበት። ሲቆርጥም አልሰማውም፤ ሱቁ ውስጥ ሌላ ዘፈን እየጮኸ ስለነበር ስክሪኑ ላይ ያሉትን የድምፅ መስመሮች እያየ ነው የቆረጠው። እናትየው «ያ ጉርሙ…» ይላሉ፤ ልጅየው «…ሙዚቃ ቤት! አምቦ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት! ከጉርሙ ያልተጫነ፣ እንዳልተጫነ ይቆጠር!» ይላል። ሰዉ ደግሞ «አሜን!» ይላል። ጉርሙ ሥራውን ደጋግሞ ሰማና በራሱ ተገረመ። ያልተነካውን ቅጂ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስቀመጠው፤ አንድ ቀን አረፍ ብዬ እሰማዋለሁ አለ።

እናቱ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ምርቃት ይሸጣል እንዴ?» አሉት።

«ምርቃቱን አይደለም የምሸጠው፣ እማዬ። መጫኑን ነው።»

አዴ ሸዋነሽ የመጫንና የመመረቅ ልዩነት አልገባቸውም። ምርቃቱ ግን ከጊንጪ እስከ ባኮ ተዳረሰ። አንዱ ከጉርሙ ይጭናል፣ ለአማቹ ይልካል፣ አማቹ ለጎረቤቱ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ጉርሙ በሱቁ በር «ሌቦች!» ቢል የሚሰማው አልነበረም።

ዘመኑ ደግሞ እየከፋ መጣ። ኢንተርኔት እንደ ውሃ በፈረቃ ሆነ። ጠዋት የተናገሩት ከሰዓት ያስጠይቃል። በተለይ ዘር የምትለዋ ቃል እንደ ቤንዚን ተፈራች፤ ገበሬው እንኳ የስንዴ ዘር ለመጠየቅ መጀመሪያ ግራ ቀኙን ያይ ነበር። ጉርሙ ግን ግድግዳውን ተጠግቶ ስለሚውል ይህን አላስተዋለም።

አንድ ቀን የቀጠናው ሰላም አስተባባሪ ኦቦ ሌታ ደሊል ሱቅ ቻርጀር ሊገዙ ገቡ። የሁለቱ ሱቅ መለያ ኮምፔንሳቶ ነው። ከወዲያ ጉርሙ ከኤቢሳ ጋር በስልክ ያወራል፦

«ኤቢሳ፣ የዚህኛው ዘሩ ስንት ነው? … የአገር ውስጥ ዘር ምንም የለበትም? ሁሉም የውጭ ነው? … ግድ የለም፣ ዘሩ ይሰብሰብ እንጂ በአንድ ሌሊት እናወርደዋለን! … አይ፣ ያለ ዘርማ አይወርድም። ያለፈው አጋማሽ ላይ ደርሶ አልወርድም ብሎን የለ!»

ኦቦ ሌታ የገዙትን ቻርጀር ጠረጴዛው ላይ ረስተው ወጡ።

በማግሥቱ ጉርሙም ኮምፒውተሩም ተወሰዱ። ኦቦ ሌታ ከጠረጴዛቸው ኋላ፣ ጸሐፊው ከጎናቸው፣ ጉርሙ ከፊታቸው ተቀመጡ።

«ዘር ትቆጥራለህ ተብሏል።»

«እቆጥራለሁ፣ ኦቦ። ሳልቆጥር ገብቼ አላውቅም» አለ ጉርሙ፤ ሥራውን ያደነቁለት መስሎት።

ኦቦ ሌታና ጸሐፊው ተያዩ። እንዲህ ቶሎ ያመነ ሰው ገጥሟቸው አያውቅም።

«ዘር ሰብስበህ ምን ልታደርግ ነው?»

«ለማውረድ ነዋ።»

«ማንን ነው የምታወርደው?»

«እሱ እንደ ሰዉ ፍላጎት ነው። ሕዝቡ አውርድልን ያለንን እናወርዳለን።»

«ሕዝቡ!» አሉ ኦቦ ሌታ። ጸሐፊው ብዕሩን አፋጠነ። «እስካሁን ስንት አውርደሃል?»

«ኧረ ስፍር ቁጥር የለውም! ህንዱን ቢሉ፣ ኮሪያውን ቢሉ፣ ቱርኩን…»

«በውጭ ጉዳይም ገብቷል፤ ጻፍ» አሉ ኦቦ ሌታ። ድምፃቸው ቀጠን አለ። «ለመሆኑ ለማውረድ ብዙ ጊዜ ይፈጃል?»

«እንደ መጠኑ ነው፣ ኦቦ። ትልልቆቹ ቀንም ሌሊትም ይፈጃሉ። ትንንሾቹን ግን ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ አወርዳቸዋለሁ።»

ኦቦ ሌታ ስለ ራሳቸው የሥልጣን ደረጃ ትንሽ አሰቡና የወንበሩን እጀታ ያዝ አደረጉ።

ኤቢሳ ተጠርቶ መጥቶ፣ ሲድን ከዘር፣ ዳውንሎድን ከመውረድ እየለየ ሲያስረዳ ዋለ። ኦቦ ሌታ ፊልሙን ከተቻለ ለቤታቸው እንዲጫንላቸው ጠይቀው ጉርሙን ለቀቁት። ኮምፒውተሩ ግን ለማጣራት ይቆይ ተባለ። ጤፉ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ ከገባ በኋላ ተመለሰለት። ሲከፍተው ውስጡ ባዶ ሜዳ ነው። ዘፈኑም ፊልሙም የእናቱም ድምፅ የለም፤ ተደምስሶ አዲስ ሆኗል። ካርታ መጫወቻው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም ላይ አንድ የኦቦ ሌታ ቢሮ ሰው ማንም የማይደርስበት ነጥብ አስመዝግቦበታል። ምርቃቱን የቀዳበትን ስልክ ደግሞ ቀድሞ ለደሊል አስረክቦ በአዲስ ለውጦታል፤ ደሊልም አጽድቶ ሸጦታል።

ጉርሙ ለፊልሞቹ አለቀሰ እንጂ ለምርቃቱ አላዘነም። እናቱ አሉ፤ ለመጪው እንቁጣጣሽ ሌላ ይመርቃሉ። አዴ ሸዋነሽ ግን እንቁጣጣሽን አልጠበቁም። ክረምቱ መሐል ላይ በጉንፋን ተኙ፤ ጉንፋኑ ወደ ሳንባቸው ወረደና በዚያው ቀሩ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው እንደ ልማዱ ሟቿን እያነሳ ያለቅሳል፣ መሐል መሐሉንም ይስቃል። ሃዊ እንባዋን እየጠረገች፣ «ያን ቀን የመረቀችኝ እኮ ደረሰ፤ መጠጡ ራሱ ጨጓራውን ይዞ እምቢ አለው፣ ይኸው ባሌ ውሃ ብቻ ነው የሚጠጣው» አለች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «አንተንስ ምን ብላ ነበር የመረቀችህ?»

ጉርሙ አፉን ከፈተ። የመጣለት ቃል ሙዚቃ ቤት የሚል ብቻ ነበር፤ መልሶ ዘጋው።

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳጣ የገባው። እናቱ ሰው ሁሉ ፊት ስሙን ጠርተው የሰጡት አንድ ነገር አለ፤ እሱ ግን አልተቀበለውም። «አንቺስ ትዝ ይልሻል?» አላት ሃዊን። «እኔ የራሴን ሳስብ ነበር፤ ያንተን አንተ ሰምተሃል ብዬ» አለችው። ሚስቱን እንቁን ጠየቃት። «ያን ቀንማ ሰምቼዋለሁ» አለች እንቁ፣ «ግን እሱን የሰማሁት አንዴ ነው፣ ሙዚቃ ቤቱን ሺህ ጊዜ። ጆሮዬ ውስጥ የቀረው እሱ ነው።» ጎረቤቱም እንደዚያው ሆነ። ከስሙ በኋላ ምን እንደተባለ ሲጠየቅ ሁሉም ፊቱ ይበራና፣ «መናኸሪያው ፊት ለፊት!» ይላል።

ኤቢሳ ጉርሙ ሲያዝን አይቶ አጽናናው። «ፋይል የሚሞተው አንድ ሰው ጋ ብቻ ሲቀመጥ ነው። የአዴ ግን በአገሩ ሁሉ ስልክ ተበትኗል። ቁራሽ ቁራሹን ሰብስብ፤ ምናልባት ያን ቀን ሌላ የቀዳ ሰው ካለ እሱም ከአንዱ ስልክ ይገኛል።»

ጉርሙ ሱቁን ዘግቶ ዞረ። ጉደር ሄደ፣ ጌዶ ሄደ። ስጡኝ ማለትን መንገዱን ሁሉ ሲለማመድ ነበር የሄደው፤ ግን ማንም አላስለመነውም። ዳቦ ጋጋሪዋ በሊጥ እጇ ስልኳን ሰጠችው። ባጃጅ ነጂው መንገደኛ አቁሞ፣ «ውሰድ እንጂ ጋሼ፣ የሳቸው አይደል!» አለው። አንዱ ጋ መጀመሪያው ብቻ አለ፤ ሲላክለት ተቋርጦበታል። ሌላው ጋ መጨረሻው ብቻ አለ፤ የስልክ ጥሪ አድርጎታል። ሰው በዚህ ዓይነት እጁን ዘርግቶ ሲሰጥ ጉርሙ ያየው በእናቱ ብቻ ነበርና አፈረ። የእውነት አፈረ።

ሁሉንም ግን «ከየት አገኘኸው?» ይላል። ከአማቼ። አማችህስ? ከአንድ ረዳት። ረዳቱስ? ጫፉ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይደርሳል፦ አምቦ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት። የሰበሰበውን ሁሉ ይዞ ኤቢሳ ፊት ዘረገፈው። ስሙ ያለበት ሁሉ ላይ እናቱ «ያ ጉርሙ…» ይላሉ፤ ሁሉም ላይ እሱ ራሱ ይጮኻል።

«በቶሬንትም ያው ነው» አለ ኤቢሳ በቀስታ። «ማሽኑ እያንዳንዷን ቁራሽ ዘሩ ካወጣት ጋር እያመሳከረ ነው የሚቀበለው፤ አንዲት ነጥብ ከተዛነፈች ይጥላታል። ለዚህ ነው ሺህ ቦታ ተበትኖም አንድ ዓይነት የሚሆነው።» ከዚያ ከስክሪኑ ወደ ጉርሙ ዞረ። «የዚህ ዘሩ አንድ ብቻ ነው፣ ጉርሙ። አንተ ነህ።»

የቀረው ያ የመጀመሪያው ደንበኛ፣ የጊንጪው ቅጥቅጥ ሾፌር ነበር። ጉርሙ ጊንጪ ድረስ ሄዶ አገኘው። ሾፌሩ ፍላሹን ሳያቅማማ ዘርግቶለት፣ «ያው ከአንተው የጫንኩት ነው» አለው። ጉርሙ ፍላሹን ሳይቀበል በዚያው መኪና ወደ አምቦ ለመመለስ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ ነጠላቸውን የተከናነቡ አንዲት አሮጊት ነበሩ።

መኪናው ከመናኸሪያው ሲወጣ ሾፌሩ ፍላሹን ሰካ። የአዴ ሸዋነሽ ድምፅ መኪናውን ሞላው። «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ። ሾፌሩን እንቅልፍ አይጣለው፤ ረዳቱን ትዕቢት አይያዘው!» መንገደኛው በአንድ አፍ «አሜን!» አለ፤ ረዳቱ ሳቀ። «ያላችሁን ከቀማኛ፣ የሌላችሁን ከምቀኛ…» «አሜን!» ሰዉ በየጠዋቱ ስለሚሰማው ምርቃቱን በቃሉ አጥንቶታል፤ የት እንደሚስቅ፣ የት እንደሚያጎነብስ ያውቃል።

«ያ ጉርሙ…» አሉ እናቱ።

«ሙዚቃ ቤት! አምቦ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት! ከጉርሙ ያልተጫነ፣ እንዳልተጫነ ይቆጠር!»

«አሜን!» አለ መኪናው ሙሉ ሰው፣ ከሌላው ሁሉ ጠንከር አድርጎ። የአንዱም ፊት ላይ ሳቅ አልነበረም።

አሮጊቷ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። «አሜን በል እንጂ ልጄ! ምርቃት እየሰሙ ዝም ይባላል?»

«ምን ብለው ነው የመረቁት፣ እማማ?» አለ ጉርሙ። «ይህን ጉርሙ የተባለውን ሰው?»

«እኔ ምን አውቄ፤ አንድ ሰውዬ ይጮህበታል፣ አይሰማም» አሉ አሮጊቷ። «ደግ ነገር ነው እንጂ ሌላ ምን ይሉታል? እናቱ አይደሉ?»

ጉርሙ ባርኔጣውን አወለቀ። ምን እንደተመረቀ ሳያውቅ፣ ለገዛ ማስታወቂያው አንገቱን ደፍቶ፣ «አሜን» አለ።